ሲጋራ ከልጅ እጅ አትግዙ

ወገኖቼ፣ ይህ ነገር የሚያጨሰውንም የማያጨሰውንም ይመለከታል። ምሽት ላይ በየመጠጥ ቤቱ ደጃፍ የሚዞረውን ልጅ ታውቁታላችሁ። ካርቶኑን በገመድ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ሶፍትና ማስቲካውን ደርድሮ፣ የተከፈተ የሲጋራ ፓኮ ጥግ ላይ ሸጉጦ ይመጣል። አንዱ ትልቅ ሰው «ና እስቲ ማሙሽ፣ አንድ ፍሬ ስጠኝ» ይለዋል። ልጁ ሲጋራውን ይሰጣል፣ ላይተሩን ራሱ ይለኩሳል፣ የመጀመሪያው ጭስ ፊቱ ላይ ይቦንበታል፣ መልስ ቆጥሮ ይሄዳል። እኛ ዙሪያውን የተቀመጥነው ወሬያችንን እንቀጥላለን። ይህ ነውር ነው፤ ነውር መሆኑንም ረስተነዋል።

ሕጉማ አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው ሲጋራ መሸጥን ከልክሏል። ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ፣ ከበሩና ከመስኮቱም 10 ሜትር ሳይርቁ ማጨስን ከልክሏል። ሺሻን ጭራሽ አግዷል። የፓኮው 70 በመቶ ማስጠንቀቂያ እንዲሆንም አዟል። በፍሬ የሚገዛ ሰው ግን ያን ማስጠንቀቂያ መቼ ያየዋል? ሙሉ ፓኮ መግዛት የማይችል ተማሪስ የምሳ ሳንቲሙን ይዞ የሚጀምረው በምን ይመስላችኋል? በዚያችው በአንዷ ፍሬ ነው። ኒኮቲን ከሳንባ ተነስቶ በሴኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ ገና በማደግ ላይ ያለ አንጎል ደግሞ ቶሎ ይያዛል። ከጫት ጋር «ለምርቃና» ብሎ የጀመረው ልጅ፣ ጫቱ በሌለበት ቀንም ሲጋራውን ሲፈልግ የምታዩት ለዚህ ነው።

በ2008 ዓ.ም. የጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ ጄቲአይ፣ የአገራችንን ሲጋራ የሚያመርተውን የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ ድርሻ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በ2010 ዓ.ም. ሌላ 434 ሚሊዮን ጨምሮ ድርሻውን 71 በመቶ ገደማ አደረሰው። በዚያው ሰሞን በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀመው አዋቂ ከመቶ 5 ሰው ነበር። እስቲ አስቡት! ነጋዴ ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈሰው ዛሬ ላለው ገዢ ብቻ አይደለም፤ ነገ የሚመጣውንም አስቦ ነው። ነገ የሚመጣው ገዢ ዛሬ ደብተሩን ይዞ ትምህርት ቤት የሚሄደው የእናንተ ልጅ ነው።

«ለአገር ገቢ ያመጣል፣ ገበሬም ያበላል» የምትሉ አላችሁ። የትምባሆን እርሻ ቀርባችሁ እዩት። ቅጠሉ ሙጫ አለው፤ እጅ ላይ ይጣበቃል። ጠዋት በጤዛ የራሰውን ቅጠል የሚለቅም ሠራተኛ ኒኮቲኑ በቆዳው ይገባበታል። ራሱን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፤ አንድ ሲጋራ ሳያጨስ በትምባሆ ይታመማል። ገቢው ሲነገር ይህ ለምን አብሮ አይነገርም? የሳንባ ካንሰር ሕክምና ፍለጋ መሬቱንና ከብቱን የሚሸጠው ቤተሰብ ወጪስ በማን ሒሳብ ይያዛል?

አፄ ዮሐንስ ትምባሆ ያጨሰን ሰው ከንፈር ያስቆርጡ ነበር ይባላል። ያ ጭካኔ ይመለስ የሚል የለም። የሚያጨሰው ወንድማችን ሱስ የያዘው ሰው ነው፤ ስድብ አያድነውም። ልተው ሲል አግዙት፣ ሲያገረሽበትም አትሳቁበት። ግን አንተም ወንድሜ፣ ከልጅ እጅ አትግዛ። እሳት እንዲለኩስልህ አትጥራው። አባቶች፣ ልጃችሁን «ሮጥ በል፣ ከሱቅ ሲጋራ አምጣልኝ» አትበሉ፤ መንገዱን የምታሳዩት እናንተው ናችሁ። ባለ ሱቆች፣ ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ ፓኮ ከፍታችሁ አትስጡ። ባለ መጠጥ ቤቶች፣ አጫሹን ወደ ውጭ ስትሸኙት በሩ ሥር አታቁሙት፤ 10 ሜትር ማለት 10 ሜትር ነው፣ አስተናጋጆቻችሁም ሳንባ አላቸው።

እኛ ዝም ብለን የምንቀመጠው ደግሞ «እዚህ አይጨስም» ማለትን እንልመድ። በትሕትና፣ ግን ጮክ ብለን። አሻፈረኝ ያለ ቤት ካለ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ወይም ለክፍለ ከተማው ጤና ቁጥጥር አመልክቱ፤ ማመልከት ክፋት አይደለም።