የድንጋይ በረቱና የአክስቴ ሰርቪስ

አየርላንድ ገጠር ውስጥ ከምኖርበት ቤት አጥር ባሻገር የጎረቤቴ አሮጌ በረት ይታየኛል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው፣ ጣሪያው የዛገ ቆርቆሮ ነበር። ላሞቹ ከወጡ ብዙ ዓመት ሆኗል። ሽማግሌው በረቱን ለሴት ልጃቸው ሰጧት፣ እሷም መኖሪያ ልታደርገው ተነሳች። ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ሰርቪስ ቤት ከዓይኔ አልጠፋ ብሏል።

እዚህ አገር ባዶ የቆየ ቤት ለሚያድስ ሰው መንግሥት የማይመለስ ገንዘብ ይሰጣል። ድጋፉ እ.ኤ.አ. በ2022 ተጀመረ። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2023 ወዲህ ባዶ ለቆየ ቤት እስከ 50,000 ዩሮ፣ ሊፈርስ ለደረሰ ደግሞ እስከ 70,000 ዩሮ ነው። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2008 በፊት የተሠራና ሁለት ዓመት ባዶ የቆየ መሆን አለበት፣ ለዚህም ማስረጃ ይጠየቃል። ገንዘቡን የወሰደ ሰው በአምስት ዓመት ውስጥ ቤቱን ቢሸጥ ሙሉውን ይመልሳል፣ ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ባለው ጊዜ ከሸጠም 75 በመቶውን። በሕዝብ ገንዘብ አሳድሶ ወዲያው መቸርቸር እንዳይኖር ነውና ይህን ደንብ እወደዋለሁ።

በረት ግን ቤት አይደለም። ሰው ኖሮበት የማያውቅ ሕንፃ ለድጋፉ እንዲታሰብ መጀመሪያ የፕላን ፈቃዱ መሟላት አለበት። ከብት ያደረበትን ሰው ሊያድርበት ሲባል የአገልግሎት ለውጥ ነው፤ ግድግዳው ከፈረሰ ደግሞ ጉዳዩ ለውጥ መሆኑ ቀርቶ አዲስ ቤት ወደ መሥራት ሊዞር ይችላል። ጣሪያው ሥር የሌሊት ወፍ ካለም ሕግ ይጠብቀዋልና በባለሙያ መታየት አለበት። ለአሮጌ የእርሻ ሕንፃዎች ሌላ ድጋፍ አለ፣ እሱ ግን ለእርሻ ሥራ እያገለገሉ እንዲጠበቁ እንጂ መኖሪያ እንዲሆኑ አይደለም። ልጅቷ ሁለቱን አንድ ላይ አስባቸው ነበርና ይህን ስትሰማ አንድ ሳምንት ሙሉ ተክዛ ነበር።

ያሳዘነኝ የአባቷ ነገር ነው። ዝናብ ያባራበት አንድ ሳምንት ቢያገኙ፣ ልጄን ላግዝ ብለው የበሰበሰውን ቆርቆሮ አውርደው አዲስ አለበሱት። ድጋፉ ደግሞ ከመጽደቁ በፊት ለተሠራ ሥራ አይከፍልም። ሊያይ የመጣው ባለሙያ ትሁት ነበር፣ ግን የጣሪያው ወጪ ከሒሳቡ ወጣ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ቆባቸውን አውልቀው፣ አጥልቀው፣ መልሰው ሲያወልቁ ዝም ብዬ አየሁ። በፍቅር የሠራ እጅ ለምን ይቀጣል? ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ፎቶ አንስቶ፣ ደረሰኝ ይዞ ለሚቀርብ ሰው ቢያንስ በከፊል የሚታይበት መንገድ ቢኖር ምን ነበረበት እላለሁ።

አክስቴ ዘንድ ደግሞ የሚታደስ ቤት ሞልቶ ድጋፍ የለም። ከዋናው ቤት ጀርባ የተደረደሩት ሦስት የጭቃ ክፍሎች አንዱ ማድ ቤት፣ ሁለቱ ዕቃ ማስቀመጫ ነበሩ፤ ዛሬ ሁለቱ ተከራይተው ጡረታዋን ይደጉማሉ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን ያየች ሰው ናት፣ ስለዚህ ካርታዋን በላስቲክ ጠቅልላ ከፍራሽ ሥር ነው የምታስቀምጠው። ማድ ቤቱን ወደ ክፍል ለመለወጥ ፈቃድ ስትጠይቅ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» እየተባለች ተመላለሰች። እኛም የሕንፃ አዋጅ አለን፣ ፈቃድ ያስፈልጋል ይላል። ያጣችው ሕግ አልነበረም፤ ጉዳይዋ የት እንደደረሰ የሚነግራት ሰው ነው።

ሁለቱን ግድግዳዎች የሚያመሳስል አንድ ነገር አለ። የድንጋይ በረቱ በኖራ የተያያዘ ነው፣ ኖራ ደግሞ እርጥበትን ያስተነፍሳል። በሲሚንቶ ቢለሰን ውሃው ውስጥ ይታፈናል። የአክስቴም ጭቃ እንዲሁ ነው፦ በሲሚንቶ የተለሰነው ክፍል ሥሩ ላይ ልስኑ አብጦ ተላቀቀ፣ ውስጡ ያለው እንጨትም በሰበሰ። በጭድ ጭቃ የተመረገው ማድ ቤት ግን እስካሁን ደህና ነው። የአየርላንዱ ግንበኛ ይህን ሲያስረዳ ሳዳምጥ የሰፈራችንን መራጊዎች የሰማሁ መሰለኝ። የእነሱን እውቀት በወረቀት ያሰፈረልን ግን ብዙ የለም።

የፈቃዱን ማስታወቂያ ሽማግሌው ከበረቱ መንገድ ዳር ሰቀሉት፦ ነጭ ወረቀት፣ ዝናብ እንዳይነካው በላስቲክ ተሸፍኖ። ማመልከቻው ከገባ በኋላ አምስት ሳምንት እዚያው ይቆያል። በዚያ ጊዜ ማንም አላፊ አግዳሚ 20 ዩሮ ከፍሎ አስተያየት ማቅረብ ይችላል፣ ውሳኔውም በተለምዶ በስምንት ሳምንት ይሰጣል። ፋይሉን ጎረቤት ከፍቶ ማንበብ ይችላል፣ እኔም የሕንፃውን ንድፍ ቤቴ ቁጭ ብዬ በኢንተርኔት አየሁት።

ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ለአክስቴ ላክሁላት። እንግሊዝኛው አልገባትም። ደውላ፣ «ልጄ፣ ቀኑ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» አለችኝ። አሳየኋት። «እነሱ ቀን ይጽፋሉ?» አለችና ፎቶውን አሳትሜ እንድልክላት ጠየቀችኝ፤ ወደ ወረዳው ይዛው ልትሄድ ነው።