ስፌቱ ባሕር ተሻገረ፣ ሰፊዋ ቀሩ

ሐረር ጁገል፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌዋ ከተማ ውስጥ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት እናት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ አዴ ነው የሚላቸው። የሣር ስፌት የጀመሩት በልጅነታቸው ነው። ዛሬም ከሰዓት በኋላ ነደባው፣ ማለትም የሐረሪ ቤት መደቡ ላይ ቁጭ ብለው፣ አለላውን ውሃ እያስነኩ፣ በወስፌ ቀዳዳ እየከፈቱ ያሾልኩታል። ወረቀት ላይ የተሳለ ንድፍ የለም፤ ቆጠራው ያለው ጣታቸው ላይ ነው። አንድ ዙር ከተሳሳቱ ዝም ብለው ይፈቱትና እንደገና ይጀምራሉ።

አምና አንዲት አውሮፓዊት አርቲስት መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፣ በእሷ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ቪዛዋን ቤቷ ሆና በኦንላይን ጨርሳ ነው የመጣችው። አንድ ወር ሙሉ ከአዴ ጎን ተቀምጣ ተማረች፣ ቀረጸች፣ ፎቶ አነሳች፣ ስፌትም ገዛች። አገሯ ተመልሳ ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ ደግሞ አዴን ጋበዘቻቸው፤ መጥተው ሙያቸውን ራሳቸው ያሳዩ ብላ።

አዴ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው አዲስ አበባ ሄዱ። ለቪዛው አሻራ ሰጡ፣ 90 ዩሮ የማመልከቻ ከፈሉ፣ ቢከለከሉም የማይመለስ ገንዘብ ነው። የባንክ ሂሳብ መግለጫ አምጡ ተባሉ። የአዴ ሀብት ግን እቁብ ውስጥና ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለው ስፌት ነው፣ የትኛው ባንክ ነው ይህን የሚጽፍላቸው? መልሱ ሲመጣ እኔ ነኝ ያነበብኩላቸው። ጊዜው ሲያልቅ ወደ አገርዎ ስለመመለስዎ እንጠራጠራለን ይላል። ትንሽ ዝም አሉና «ይህን ቤት ጥዬ?» አሉኝ። ወረቀቱን አጥፈው ሙዳያቸው ውስጥ ከተቱት።

ኤግዚቢሽኑ ያለ እሳቸው ተከፈተ። ስፌታቸው እዚያ ነበር።

ሰሞኑን ድሬዳዋ ላይ ስለ ባህል ዲፕሎማሲ የሚወራበት ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። «የባህል ልውውጥ» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንደተጠራ አልቆጠርኩም፣ እኔ ግን አዴን ነበር የማስበው። ተለዋወጥን የምንለው እኮ ሁለታችንም ሰጥተን ሁለታችንም ስንቀበል ነው። አንዱ በፈለገ ጊዜ መጥቶ የሚሄድበት፣ ሌላው ግን ደጅ የሚጠናበት ነገር ሌላ ስም ይፈለግለት።

እውነተኛ ልውውጥ ምን እንደሚያፈራ ደግሞ እኛ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን የሙዚቃ ባንድ ሰምተው 40ዎቹን ወደ አገራችን አስመጡ። አርባ ልጆች የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ ሠራ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ ቴአትር ቤቶቻችን ውስጥ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። እነዚህ ሰዎች ቀርጸው አልሄዱም፣ ቆይተው አስተማሩ። ከእኛ ደግሞ ሙላቱ አስታጥቄ ለንደንና ቦስተን ሄዶ ተማረ። ተመልሶ ቫይብራፎን የሚባለውን የሙዚቃ መሣሪያ ከእኛ ቅኝት ጋር ሲያዋህደው የወጣውን ድምፅ ዛሬ ዓለም ኢትዮ ጃዝ ብሎ ያውቀዋል። አንዱ መጣ፣ አንዱ ሄደ፣ ሁለቱም አገር ተጠቀመ።

ድሬዳዋ ራሷስ? እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ሲደርስ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ፈረንሳዩ ሁሉ አብሮት ወረደ። ከተማዋ እንዲህ ተደባልቃ ነው ያደገችው። የድሬው ልጅ አሊ ቢራ በኦሮምኛ፣ በአማርኛ፣ በሐረሪ፣ በሶማሊኛና በዓረብኛ የዘፈነው ሰፈሩ ውስጥ እነዚህን ቋንቋዎች እየሰማ ስላደገ ነው እንጂ ዲፕሎማሲ ብሎ ያስተማረው ስለነበር አይደለም።

ሐረር ላይ ደግሞ ራምቦ ቤት አለን። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1880 ነው ለንግድ ሐረር የመጣው፣ ግጥሙን ትቶ። በ1883 እዚሁ ካሜራ ይዞ ያነሳቸው ፎቶዎች ዛሬ ፈረንሳይ ነው የተቀመጡት። የተወለደባት ከተማ ሻርልቪል ሜዚዬር የሐረር እህት ከተማ ናት። እዚያ በየሁለት ዓመቱ ትልቅ ዓለም አቀፍ የአሻንጉሊት ቴአትር ፌስቲቫል ይካሄዳል፣ ሙያውን የሚያስተምር ትምህርት ቤትም አላቸው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። እህትማማችነቱ አለ፣ እዚያ የእጅ ሙያ የሚያከብር ሕዝብ አለ፣ እዚህ ደግሞ ቀለምና ሣር ከሚያናግሩ እናቶች ጀምሮ መኪና ግርግር የሚባለው መንገድ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲንጀር የሚያንቀጠቅጡ ልብስ ሰፊዎች ድረስ ባለሙያ ሞልቷል። እነሱ አሻንጉሊት መሥራት ለልጆቻችን ያስተምሩ፣ የእኛ እናቶች ደግሞ በአስተማሪነት ይሂዱ። በአስተማሪነት ነው ያልኩት፣ ለማሳያ አይደለም። የቀን አበላቸውም እንደ መምህር ይሁን።

ይህን ስል ልመና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኔስኮ ያጸደቀው የባህል መግለጫዎች ብዝኃነት ስምምነት 16ኛ አንቀጽ፣ የበለጸጉ አገሮች ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ አርቲስቶች ልዩ አስተያየት እንዲያደርጉ ይላል። ስምምነቱን ያጸደቁት ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ባለሙያ የሚጋብዝ ተቋም ደብዳቤ ልኮ መቀመጥ የለበትም፤ የአገሩን ኤምባሲ ራሱ ይያዝ፣ ወጪውን ይሸፍን፣ ዋስ ይሁን። እዚህ የሚቀረጸውም ሁሉ አንድ ቅጂ ሐረር ይቅር።

የእኛም ጥፋት አለ፣ መደበቅ አያስፈልግም። ዕድሉ ሲገኝ ስንቱ ልዑክ ነው በኃላፊና በኃላፊ ዘመድ ተሞልቶ የሄደው? ሰፊዋ እቤት፣ ስለ ስፌት የሚናገረው አውሮፕላን ላይ። አቦ፣ ይሄ ነገር ይብቃ። የሐረሪዎች በዓል ሹዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ ሁላችንም ጨፍረናል። በዓሉን ያቆዩት ግን ከበሮ መቺዎቹና ዚክር፣ መንፈሳዊውን ዜማ፣ የሚሉት እናትና አባቶች ናቸው፤ ቀጥሎ ሹዋሊድን ይዞ የሚጓዝ ቡድን ካለ መጀመሪያ የሚጻፈው የእነሱ ስም ይሁን።

አርቲስቷ ዘንድሮም ግብዣ ልካለች። አዴ መጀመሪያ እንቢ አሉ፣ ከዚያ ልጃቸው ለመነቻቸው። አሁን አንድ ትልቅ ስፌት ጀምረዋል፣ ጫፉ ገና አልተዘጋም፤ እዚያው ሰው ፊት ልጨርሰው ነው ይላሉ። የኤምባሲ ቀጠሮው በሚቀጥለው ወር ነው። ለእህት ከተማነቱ ኃላፊነት ያለባችሁ ሰዎች፣ አንድ የድጋፍ ደብዳቤ እንፈልጋለን። ወስጄ የማደርሰው እኔ ነኝ።