ጂተርን ከአይ ዳያግራም በከርሰር ለክቶ መጻፍ ይበቃል?

ጥያቄው የመጣው ከተማሪዎች የመመረቂያ ፕሮጀክት ነው። ፈጣን ዲጂታል ሲግናል በሲሙሌሽን ያሄዱና ቢቶቹን (አንድና ዜሮዎቹን) አንዱን በሌላው ላይ ይደርባሉ። ዓይን የሚመስል ሥዕል ይወጣል። አይ ዳያግራም የሚባለው ይሄ ነው። መስመሮቹ የሚሻገሩበት ቦታ ከሰፋ ሲግናሉ በሰዓቱ እየደረሰ አይደለም። ይህ መዛነፍ ጂተር ይባላል። ታዲያ ስፋቱን በከርሰር፣ ማለትም ስክሪኑ ላይ በሚንቀሳቀስ የመለኪያ መስመር፣ ከሥዕሉ ለክቶ ሪፖርት ማድረግ ይበቃል ወይ? ደብረ ብርሃን ኤሌክትሮኒክስ የሚያስተምር መምህርና ሸዋ ሮቢት ቦርድ የምትሠራ መሐንዲስ በጽሑፍ ተከራክረውበታል።

መምህሩ፦ ይበቃል እላለሁ። ጂተሩ ከየት እንደመጣ የሚናገረው ሥዕሉ ነው። መሻገሪያው ላይ ተለያይተው የቆሙ ሁለት መስመሮች ካየሁ፣ ያለፈው ቢት የአሁኑን እየጎተተው ነው። መሻገሪያው ከመሃል ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ከሸሸ፣ አንድና ዜሮ እኩል ጊዜ አልያዙም። ቁጥር ብቻ ይዞ የመጣ ተማሪ ግን የቱን ሬዚስተር እንደሚቀይር አያውቅም። ደግሞ አቅማችንን እንይ። ጊጋኸርዝ የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ውድ ነው። ልጆቻችን ያላቸው ላፕቶፕና በነጻ የሚገኘው ኤልቲስፓይስ (የስፓይስ ዓይነት የሰርኪዩት ሲሙሌተር) ነው፤ እሱ ደግሞ አይ ዳያግራም ይሥላል። ገና ከጅምሩ ስታቲስቲክስ ብንጭንባቸው ይደነግጣሉ።

መሐንዲሷ፦ መምህር፣ ምክንያቱን ከሥዕሉ ማንበብዎን አልቃወምም። የምቃወመው ከሥዕሉ የሚቀዳውን ቁጥር ነው። ራንደም ጂተር፣ ማለትም ከኖይዝ በዘፈቀደ የሚመጣው፣ ወሰን የለውም። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ፣ ማለትም የመበታተኑ መለኪያ፣ 2 ፒኮ ሰከንድ (ፒኮ የትሪሊዮን አንድ እጅ ነው) ነው እንበል። 1,000 መሻገሪያ ቢለኩ ከዳር እስከ ዳር 13 ፒኮ ሰከንድ ገደማ ያገኛሉ። ሚሊዮን ቢለኩ ወደ 19 ይጠጋል። ሰርኪዩቱ ያው ነው፤ የተለወጠው የቢቱ ብዛት ነው። በትሪሊዮን ቢት ከአንድ ስህተት በላይ አልፈልግም ለሚል ደግሞ 2ን በ14 ማባዛት አለብዎት፤ 28 ይሆናል። ወሰን ያለው ጂተር (ለምሳሌ ቢት ቢትን ሲጎትት የሚመጣው) ካለ እሱም ይደመርበታል። በሴኮንድ 1 ጊጋቢት የሚልክ ቦርድ ትሪሊዮን ቢት በ17 ደቂቃ ገደማ ይጨርሳል። በስፓይስ ግን ማን ያሄደዋል? መብራት ሳይጠፋ ጥቂት ሺህ ቢት ካለቀልንም ተመስገን ነው።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ተራው ትራንዚየንት ሲሙሌሽን (ሲግናሉን በጊዜ የሚከታተለው) የሙቀት ኖይዝን፣ ማለትም ሙቀት የሚፈጥረውን የዘፈቀደ ረብሻ፣ ጨርሶ አያሰላም። ኖይዙን እኛው ካልጨመርንበት ራንደም ጂተር ሥዕሉ ላይ የለም። ተማሪው ግን ጥርት ያለ ዓይን አይቶ "ጂተሩ ትንሽ ነው" ብሎ ይጽፋል።

መምህሩ፦ እህቴ፣ ይሄ እኮ የእኔን ክርክር ነው የሚያጠናክረው። ራንደሙ ከሌለ ሥዕሉ ላይ ያለው ሁሉ ወሰን ያለው ነው። ወሰን ያለውን ደግሞ በከርሰር መለካት ይቻላል። ፒአርቢኤስ 7 የሚባለው የቢት ቅደም ተከተል በ127 ቢት ተመልሶ ይደገማል። ሰርኪዩቱ ከተረጋጋ በኋላ ሁለት ሦስት ዙር ካሄድሽው፣ አሥረኛው ዙር አዲስ ነገር አያመጣም። ስለዚህ "የቢቱ ብዛት ቁጥሩን ይለውጠዋል" ያልሽው እዚህ ላይ አይሠራም። ሪፖርቱ ላይ "ኖይዝ አልተጨመረም" የሚል አንድ መስመር ይጻፍና ይለፍ።

መሐንዲሷ፦ ያ አንድ መስመር ይጻፍ፤ እሱን ካገኘሁ ብዙ ነው። ግን በፒአርቢኤስ 7 ውስጥ ተከታታይ አንድ ከ7 አይበልጥም። እውነተኛ ዳታ ከዚያ የረዘመ ተከታታይ ሊያመጣ ይችላል፤ ያኔ መጎተቱ ይብሳል።

ሲሙሌተሩ ራሱ የሚፈጥረው ጂተርም አለ። ዩኤስቢ 2.0ን ይውሰዱ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 480 ሜጋቢት ነው። የአንድ ቢት ጊዜ 2.0833 ናኖ ሰከንድ ነው። ተማሪው ቢቶቹን ለመደረብ ሥዕሉን የሚያጥፍበትን ጊዜ 2.08 ብሎ ቢያስገባ፣ በየቢቱ 3.3 ፒኮ ሰከንድ ይንሸራተታል። በ127 ቢት ከ420 ፒኮ ሰከንድ በላይ ይሆናል። ሰርኪዩቱ አንዳች ነውር የለበትም፤ ዓይኑ ግን ጠበበ። ታይም ስቴፑ (ሲሙሌተሩ የሚያሰላበት የጊዜ እርምጃ) ሲሰፋም፣ ኤልቲስፓይስ ፋይል ለማሳነስ ብሎ ነጥቦችን ሲጥልም መሻገሪያው ከቦታው ይነቃነቃል።

መምህሩ፦ 420 ፒኮ ሰከንድማ ማንም ያየዋል! መስመሮቹ በእኩል ርቀት ተደርድረው ይታያሉ። እንዲያውም ሥዕሉን ሳያይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ያሰላው ልጅ ነው ቁጥሩን አምኖ የሚያስገባው።

መሐንዲሷ፦ 420ውን ያዩታል፤ 4 ቢሆንስ? ቢቶቹ አንዴ ከተደረቡ ቅደም ተከተላቸው ይጠፋል። የቱ መሻገሪያ ቀድሞ፣ የቱ ዘግይቶ እንደመጣ አይታወቅም። እኔ የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የመሻገሪያዎቹን ጊዜ ወደ ጽሑፍ ፋይል ያውጡ። እያንዳንዱ ከተጠበቀበት ጊዜ ስንት እንደራቀ በቢቱ ተራ ይሣሉት። የገባው የቢት ጊዜ ስህተት ከሆነ መስመሩ እያጋደለ ይሄዳል። ቢቶች እየተጎታተቱ ከሆነ ያው ቅርጽ በየ127 ቢቱ ይደገማል። ኖይዝ ከተጨመረ የማይደገም መበታተን ይታያል። ሦስቱም አይ ዳያግራም ላይ አንድ ወፍራም መስመር ናቸው።

መምህሩ፦ ይህን ሥዕል ለመጨረሻው ሪፖርት ከተማሪዎቼ እጠይቃለሁ። ሰርኪዩቱን ሲያርሙ ግን አይ ዳያግራሙ ይቅደም የሚለውን አልለቅም። በቀን ሃያ ጊዜ ሬዚስተር ለሚቀያይር ልጅ በየጊዜው ፋይል አውጥተህ አስላ ማለት ሥራውን መግደል ነው።

መሐንዲሷ፦ በዚያ ልስማማ። አንድ ነገር ግን ያስጨምሯቸው። ስፓይስ ካልነገሩት ሙቀቱን 27 ዲግሪ አድርጎ ነው የሚያሰላው። እናንተ ጋ ኅዳር ላይ ውርጭ ይጥላል፤ እኛ ጋ ደግሞ ቆላ ነው፣ የታሸገ ሣጥን ውስጥ ያለ ቦርድ ይግላል። የትራንዚስተሩ ፍጥነት ከሙቀት ጋር ስለሚለወጥ መሻገሪያውም አብሮ ይሄዳል። በ0 እና በ60 ዲግሪ ያሂዱትና ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉ።