ፎቶ አይዋሽም ለሚሉን

በጣና ሐይቅ ዳር የእግረኛ መንገድ ላይ የጣሊያን ወረራ ዘመን ፎቶዎች በትልልቁ ታትመው ሊሰቀሉ ነው ተባለ። ርእሱም «የባሕር ዳር ልደት» ነው አሉ። ለምን ብለው ለጠየቁት አንድ የከተማዋ ኃላፊ የሰጡት መልስ ደግሞ ከርእሱ ይብሳል፦ «ፎቶ አይዋሽም፤ ከጣሊያን በፊት ከተማ ነበር የሚል ፎቶውን ያምጣ።»

በዚህ አያያዝ ካሜራ ሳይመጣ ጣናም አልነበረማ! በ14ኛው ክፍለ ዘመን የተመሠረተው የክብራን ገብርኤል ገዳምስ በማን ፎቶ ይመስከርለት? ባሕር ዳር ጊዮርጊስስ?

ለመሆኑ ያን ጊዜ ካሜራ ይዞ ጣና ድረስ የሚመጣው ምን ፈልጎ ነበር? ውሃውን ነዋ! እንግሊዝ በ1902 እ.ኤ.አ. ከአፄ ምኒልክ ጋር በተፈራረመችው ውል፣ ያለ እሷ ስምምነት በጣናና በአባይ ላይ ውሃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ አደረገች። በ1920 መሐንዲስና የጂኦሎጂ ባለሙያ ልካ ሐይቁን አስጠናች። ከ1925 ጀምሮ ቆንስሏ የነበረው ሜጀር ቺዝማን ዳርቻውን እየዞረ ለካ፣ ካርታ ሠራ፣ ፎቶም አነሳ። ጣሊያንም አገሩን በያዘች በዓመቱ፣ በ1937፣ በጆቶ ዳይኔሊ የሚመራ የጥናት ቡድን ወደ ጣና ላከች። ሜትሩና ካሜራው የመጡት በአንድ ጓዝ ነው። ሊወስደው ያሰበውን የሚያነሳ ሰው ባለቤቱን ከፎቶው ባያስገባ ምን ይገርማል? የጣሊያን የፊልምና የፎቶ ድርጅት የነበረው የሉቼ ተቋም ፎቶ አንሺዎችማ የፋሺስቱ መንግሥት ቅጥረኞች ነበሩ። የጣሊያን መንግሥት መርዝ ጋዝ መርጨቱን በይፋ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። የማይዋሸው ፎቶ እስከዚያ ድረስ የት ተቀምጦ ነበር?

ለናሙና ከተለቀቁት አንዱን አጉልቼ አየሁት። ደንገሉ ውሃ ጠጥቶ ግማሹ በሰጠመ ታንኳ ላይ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። አንደኛው ዘንጉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ፀሐዩ ዓይኑን ስለወጋው ፊቱን አጨማዷል። ከፊታቸው ጭቃው ላይ የቡሽ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ጥላ ተጋድሟል፤ አንሺው መሆኑ ነው። ከሥሩ «የጥንት ዓሣ አጥማጆች» ይላል። ታንኳው ላይ መረብ የለም፣ ዓሣ የለም፤ እስከ አፍንጫው የተጫነው ማገዶ ነው! ፎቶው እንኳ አልዋሸም፤ የዋሸው ጽሑፉ ነው።

አይሰቀሉ አላልኩም። ግን ታንኳ በመሥራት የሚታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች እዚሁ ከተማ ውስጥ አሉ፤ የዘጌ ሽማግሌዎችም በጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጁ ነው። ለኅትመትና ለፍሬም በጀት ያገኘ መሥሪያ ቤት፣ ፎቶዎቹን ይዞ ሄዶ «ይህ ማን ነው? ቦታውስ የት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ ምን አነሰው? ያን እስኪያደርግ ድረስ ግን «ዓሣ አጥማጆች» የሚለውን ይፋቅልን፤ «ልደት» የሚለውንም አብሮ።