ሊስትሮውን ተዉትና የእናቱን ደሞዝ እዩ

የደሴ የጠዋት ብርድ አጥንት ይሰብራል። መናኸሪያ አጠገብ ጫማዬን አስጠርጋለሁ። ልጁ ቢበዛ አሥራ አንድ ዓመት ቢሆነው ነው። ቀለሙን በጣቱ ይቀባል። አንዱን እግር ሲጨርስ ሳጥኑን በብሩሹ ኳ ያደርጋል፤ ቀይር ማለቱ ነው።

«ትምህርትስ?»

«የከሰዓት ፈረቃ ነኝ ጋሼ።»

ከሰዓት በኋላ በዚያው ሳልፍ ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል። እናቱ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ትሰፋለች። ደሞዟ ከቤት ኪራይ አያልፍም።

«እነዚህን ልጆች ከመንገድ አንሱልን» የሚል ሰው አይጠፋም። ከቅንነት ነው። ግን አንስቶ የት?

ሕጉማ አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ በፊት 14 ነበር። ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። ጥሩ ነው። ችግሩ ሕጉ የሚይዘው ቀጣሪን ነው። የኔን ሊስትሮ የቀጠረው ማነው? ሳጥኑ? ኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ላይ መታወቂያ ማየት ይቻላል። አብዛኛው የሚሠራ ልጅ ግን ያለው ገጠር፣ ከብት ጥበቃና እርሻ ላይ ነው። ተቆጣጣሪ እዚያ አይደርስም።

ማባረር ብቻውን ምን እንደሚያመጣ ባንግላዴሽ አይታዋለች። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሕፃናት ጉልበት የተመረተ ዕቃ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ የሚል ረቂቅ ሕግ እዚያው አሜሪካ ቀረበ። የልብስ ፋብሪካዎች ደንግጠው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ልጆችን አሰናበቱ። ብዙዎቹ ትምህርት ቤት አልገቡም፤ ድንጋይ መፍለጥና መንገድ ላይ መነገድ ጀመሩ።

ስለዚህ እኔ የምጠይቀው ስለ እናትየው ነው። ያው አዋጅ ዝቅተኛ ደሞዝን የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ዓመታት አለፉ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ዛሬም የወለል ደሞዝ የለውም። ባለፋብሪካው «ደሞዝ ከጨመርኩ እዘጋለሁ» ይላል። ኮምቦልቻ ጦርነቱን አይታለች፤ በታኅሣሥ 2014 ደግሞ ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል (አጎዋ) ተነጠቀ። ስለዚህ ስጋቱ ባዶ ወሬ አይደለም። ሸክሙን ፋብሪካው ብቻውን ካልቻለው ግን የከተማ ሴፍቲኔት አለ። ደሴ በ2009 ፕሮግራሙን ከጀመሩት 11 ከተሞች አንዷ ነበረች። ድሃ ቤተሰብ በጽዳትና በችግኝ ሥራ እየተሳተፈ ክፍያ ያገኛል። ደሞዟ ከኪራይ የማያልፍ እናትም «ሥራ አላት» ተብላ መዘለል የለባትም። የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሚመለምለው ሰው ቤቷ ሲሄድ የቅጥር ወረቀቷን ብቻ አይቶ አይመለስ፤ ልጇ ጠዋት የት እንደሚውል ይጠይቃት።