የመጨረሻው መንጋጋ በቱሉ ዲምቱ

ባለፈው የካቲት ለዕረፍት አገር ቤት ገብቼ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ወደሚገኘው የእናቴ ቤት ስደርስ፣ በሩን የከፈተችልኝ ታናሽ እኅቴ አንድ ጉንጯን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ልስማት ስጠጋ ፊቷን መለስ አደረገች። «ምንም አይደል፤ ጥርሴን ትንሽ አሞኝ ነው፤ እየተሻለኝ ነው» አለችኝ። ቃላቱ ግን የሚወጡት ከተገጠሙ ጥርሶቿ መካከል ነበር፤ አፏ ከአንድ ጣት ስፋት በላይ አይከፈትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲህ መክረሟን የሰማሁት ማታ ከእናቴ ነው።

ያመማት የመጨረሻው መንጋጋ፣ አንዳንዶች የጥበብ ጥርስ የሚሉት ነበር። ይህ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ የሚበቅለው ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ሲሆን፣ በመንጋጋው ጫፍ በቂ ቦታ ካላገኘ ተጋድሞ ይቀራል ወይም ግማሹ ብቻ ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ድዱ እንደ ክዳን ይሸፍነውና ከሥሩ ምግብ እየገባ ይበሰብሳል፤ ቦታው ይመረቅዛል፤ ጉንጭ ያብጣል፤ አፍ መክፈትም ያስቸግራል። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ መተንፈሻን እስከ መዝጋት ይደርሳል።

እኅቴ በጨው ውኃ ተጉመጥምጣለች፤ ቅርንፉድ ነክሳለች። ቅርንፉዱ ለጊዜው እንደሚያደነዝዝ እውነት ነው፤ ከድዱ ሥር የተኛውን ቁስል ግን አያወጣውም። ከዚያ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አሞክሳሲሊን ገዝታ ሁለት ቀን ዋጠችና ሕመሙ ሲታገሥላት የቀረውን መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠችው። ሐኪም ቤት ለምን እንዳልሄደች ስጠይቃት፣ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት እናት ጥርስ ሲነቀል ዓይን ይፈዛል ብለው እንዳስፈሯት ነገረችኝ። የማየት ነርቭና የጥርስ ነርቭ የተለያዩ መሆናቸውን ባስረዳትም ፍርሃቷ ከዚያ የጠለቀ ነበር። እናታችን በልጅነቷ ገጠር ሳለች ያለ ማደንዘዣ በጉጠት መነቀሏን ስትተርክልን ነው ያደግነው። ሆራስ ዌልስ የተባለ አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም በጋዝ ደንዝዞ የራሱን መንጋጋ ያስነቀለው እ.ኤ.አ. በ1844 ነው፤ ማደንዘዣ ለእናቴ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ እንኳ አልደረሰላትም። በእኛ ቤት ጥርስን ነክሶ መቻል የጨዋነት ምልክት ሆኖ የኖረውም ሌላ ምርጫ ስላልነበረ ይመስለኛል። ዛሬ ምርጫው እያለ ልማዱ አለመቅረቱ ነው የሚያሳዝነኝ።

እኔ በምኖርበት፣ በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በሚገኘው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የእኔ ተራ የደረሰው በ27 ዓመቴ ነበር። ለጽዳት ሄጄ ሐኪሙ ሙሉ የመንጋጋዬን ራጅ አየና ሁለቱ የግራ መንጋጋዎች መውጣት እንዳለባቸው ነገረኝ፤ አንዳቸውም አላመሙኝም ነበር። የታችኛው ተጋድሞ ከፊቱ ያለውን ጥርስ መብላት መጀመሩን በራጁ ላይ በእርሳስ ጫፍ አሳየኝ። እዚያ አገር ምንም ጉዳት ያላደረሰውን ጥርስ ጭምር አስቀድሞ የማውጣት ልማድ ሰፊ ስለሆነ ምክንያቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። የብሪታንያ የጤና መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2000 ጤናማ የሆነው የተቀበረ መንጋጋ ለጥንቃቄ ብቻ እንዳይነቀል ማዘዙም ያለ ነገር አይደለም። የእኔ ግን ምክንያት ነበረው።

ቀጠሮ ስይዝ የተጠየቅሁት ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ይሰማኛል፤ «ወደ ቤትዎ የሚወስድዎት ማን ነው?» የሚያስተኛ ማደንዘዣ የሚወስድ ሰው ኃላፊነት የሚወስድለት አጃቢ ሳይኖረው ከክሊኒኩ አይወጣም። የማውቃቸው ሁሉ ሥራ ላይ ነበሩ፤ አንዱ የሌሊት ፈረቃ፣ ሌላው ሁለት ሥራ። ቀጠሮውን አንድ ጊዜ አዛወርሁና በመጨረሻ ድዱን ብቻ በሚያደነዝዘው መርፌ ተነቀልሁ። ጎዝ ነክሼ፣ ማንንም ማናገር ሳልችል በቀዩ መስመር ባቡር ብቻዬን ተመለስሁ። የዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1840 የተከፈተው በዚያው በሜሪላንድ፣ ባልቲሞር ከተማ ነው፤ ራጁም፣ እጁም፣ መርፌውም የሠለጠነ ነበር። ማታ ትራሴ ላይ ደም ሲንጠባጠብ ግን አጥሚት የሚያቀርብልኝ አልነበረም።

እኅቴን በማግስቱ ስንወስዳት አምስት ሆነን ነበር የወጣነው። በአቅራቢያችን ያለው ክሊኒክ ሙሉ የመንጋጋ ራጅ ስለሌለው በቃሊቲ በኩል ወደ መሀል ከተማ ላከን፤ ሁለት ታክሲ ለውጠን፣ ተራ ጠብቀን ስንደርስ ከሰዓት ሆነ። ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፤ ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥታ ካየች በኋላ እብጠቱ ሳይበርድ እንደማትነቅል በትሕትና ነገረችን። ድዱን ከሥሩ አጠበች፤ መድኃኒቱም እስኪያልቅ እንዲወሰድ አስጠንቅቃ ለሳምንት ቀጠረችን። በሳምንቱ ጥርሱ ለሁለት ተከፍሎ በአርባ ደቂቃ ወጣ። የተመለከትሁት ጥንቃቄ ሜሪላንድ ካየሁት በምንም አያንስም። ያነሰው እኅቴ በጊዜ መድረሷ ብቻ ነው፤ ከሦስት ሳምንት በፊት መጥታ ቢሆን ያን ሁሉ ሥቃይ አታይም ነበር።

ማታ ቤቱ በጠያቂ ሞላ። «እግዜር ይማርሽ» ለሚላት ሁሉ እየተነሣች ልትመልስ ስትሞክር፣ አንዲት አክስታችንም ትኩስ ቡና ሲያቀርቡላት፣ ደስታዬና ጭንቀቴ ተደባለቁብኝ። በተነቀለበት ጉድጓድ የረጋው ደም ከቦታው ከለቀቀ አጥንቱ ይገለጣል፤ ከቀናትም በኋላ ከመጀመሪያው የባሰ ሕመም ይመጣል። ስለዚህ እኅቴ እንዳትናገር፣ የመጀመሪያውን ቀን ትኩስ ነገር እንዳትቀምስ፣ በሁለተኛው ቀን ለብ ባለ የጨው ውኃ ቀስ ብላ እንድትጉመጠመጥ በሩ አጠገብ ቆሜ ለእያንዳንዱ እንግዳ አስረዳሁ። ማንም አልተቀየመም። አክስቴ ቡናውን አንሥተው የጾም አጥሚቱን በሳሕን ዘርግተው እስኪቀዘቅዝ አራገቡት፤ በሻይ ማንኪያም ራሳቸው አጎረሷት። ስለ ዓይን የተናገሩት ጎረቤታችን ደግሞ የእርሳቸውም ልጅ መንጋጋዋን እንደሚያማት በጆሮዬ ነግረውኝ የሐኪሟን አድራሻ ተቀበሉኝ።

የእኅቴ የቀኝ መንጋጋም በራጁ ላይ ተጋድሞ ታይቷል፤ ከፊቱ ያለውን ጥርስ መቦርቦር ጀምሯል፤ ሕመም ግን ገና የለውም። ወደ ሜሪላንድ ከተመለስሁ በኋላ ትናንት ስደውል ቀጠሮው ለሐሙስ መሆኑን ነገረችኝ። እናታችን አብራት ትሄዳለች፤ ጎረቤታችንም ልጃቸውን ይዘው በዚያው ታክሲ ይሳፈራሉ፤ የአጥሚቱ አጃ ከወዲሁ ተቆልቶ ተፈጭቷል።