ለ«ጀንደር» ራሱን የቻለ ዲግሪ ያስፈልጋል?

ጥያቄው አጭር ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሥርዓተ ፆታ ትምህርትን፣ በተለምዶ «ጀንደር» የምንለውን፣ ራሱን በቻለ ክፍልና ዲግሪ ያስተምሩ ወይስ ይቅርባቸው? ይቅርባቸው የሚሉት እህታችን የስታቲስቲክስ ባለሙያ ናቸው። ብዙ ዘመን መጠይቅ ይዘው ገጠር ለገጠር ዞረዋል። ያስተምሩ የሚሉት ወንድማችን በዚሁ ዘርፍ ማስተርሳቸውን ሠርተው ያስተምራሉ። ተቃዋሚዋ ሴት፣ ደጋፊው ወንድ መሆናቸውን ስናይ ፈገግ ማለታችን አልቀረም። ከዚህ በኋላ መድረኩ የእነሱ ነው።

ባለሙያዋ

መጀመሪያ ይሄ ይጥራልኝ። የሴቶች ጉዳይ አይጠና አላልኩም፤ ማን አብዶ! ዲግሪው ይቅር ነው ያልኩት። ጥናቱ ወደ ሕግ፣ ወደ ግብርና፣ ወደ ኢኮኖሚክስ፣ ወደ ጤና ትምህርት ክፍሎች ይግባ።

እስቲ ከሕጉ እንነሳ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤቱ አዛዥ አድርጎ ሾሞት ነበር፤ አንቀጽ 635ን ገልጦ ማየት ነው። አንቀጽ 646 ይባስ ብሎ፣ ባል ሠራተኛ መቅጠር ካልቻለ የቤቱን ሥራ የመሥራት ግዴታ የሚስት ነው ይላል። በሕግ! የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫም ጠላፊ የጠለፋትን ልጅ ካገባ ከክስ የሚያመልጥበትን በር ከፍቶለት ነበር።

እነዚህን ማን አስቀየራቸው? የቤተሰብ ሕጉ በ1992፣ የወንጀል ሕጉ በ1996 ሲሻሻሉ ከፊት ከተሰለፉት መሀል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበረበት። እነዚያ ሴቶች ሕጉን አንቀጽ በአንቀጽ ያውቁታል። ችሎት ቆመው ተከራክረዋል። የቤተሰብ ሕጉ ሲወጣ አገር ቤት የጀንደር ማስተርስ የሚባል ነገር አልነበረም። ሙያ ግን ነበራቸው።

ዛሬስ? ከተመራቂዎቹ የማውቃቸው አሉ፤ ጎበዝ ልጆች ናቸው። መሥሪያ ቤት ሲቀጠሩ «የሴቶች ጉዳይ» የሚል ወረቀት በር ላይ ተለጥፎ አንድ ጠረጴዛ ይሰጣቸዋል። በጀት የለም። ማርች 8 ሲደርስ ቲሸርት አሳትሙ ይባላሉ። በሩብ ዓመቱ ሪፖርት ሴት ስንት፣ ወንድ ስንት ብለው ይሞላሉ። ዕድል የቀናው በርዳታ ድርጅት «ጀንደር ኦፊሰር» ይሆናል። እሱም ፈረንጅ በጀት እስከመደበ ድረስ ነው። በ2017 የአሜሪካው ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ስንቱ ፕሮጀክት አብሮ እንደታጠፈ አይተናል።

የሚማሩት ነገርም ይገርመኛል። የአሜሪካ ሴቶች ንቅናቄን አንደኛ ማዕበል፣ ሁለተኛ ማዕበል እያሉ በቃላቸው ይወጡታል። የጎጃም ሴት ከእናቷም ከአባቷም ወገን ርስት ትወርስ እንደነበር ስጠይቃቸው ግን ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

መምህሩ

እህቴ፣ ለሕግ ባለሙያዎቹ እኔም እጅ እነሳለሁ። ግን ሕግ ከወጣ በኋላ ያለውን ነገር ዘለሉት።

በአማራ ክልል ገበሬው የመሬት ደብተር አለው። የባልም የሚስትም ስም ሰፍሮበታል፤ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፎበታል። ጥሩ ሕግ ነው። አሁን ባል ሞተ እንበል። መሬቱ የእሷ ነው፤ ደብተሩም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ግን አታርስም። ሴት ሞፈር አትይዝም ተብሏላ! በሬም የላትም። ስለዚህ መሬቱን ለሌላ ሰው የእኩል ትሰጣለች፤ የምርቷ ግማሽ ወደ ሰው ጎተራ ይገባል።

አራሹ የሟች ባሏ ወንድም ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የራሱን ማሳ ጨርሶ ወደ እሷ ይመጣል። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ቢደርስ፣ አንዴ ገልበጥ አድርጎ ቢዘራው፣ አረሙን ቢተወው ምን ትለዋለች? «በቃህ፣ ለሌላ ልስጥ» ብትለው ከቤተዘመዱ ሁሉ ልትጣላ ነው። ልጇን ስትድር ማን አብሯት ይቆማል? ዝም ትላለች።

ይህን ጉዳይ ለየትኛው ትምህርት ክፍል እንስጠው? የሕግ ሰው ባለይዞታዋ እሷ ናት ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። የግብርናው ሰው ኩንታል ይቆጥራል። ኢኮኖሚስቱ የውል ችግር ነው ይላል። ሞፈሩን ለምን አትይዝም ብሎ የሚጠይቅስ? አቅም የላትም እንዳንል ሃያ ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት ትወጣለች። ደቡብ ብንሄድ እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ጉልበት ይጨርሳል፣ ወንዱ ግን አይነካውም። እንግዲህ ነገሩ የጡንቻ አይደለም። ክፍፍሉ ከየት መጣ፣ ማንን ጠቀመ፣ በምን ይለወጣል? ይህ ዋና ሥራው የሆነ ሰው ካልተቀመጠ የሁሉም ነው ይባልና የማንም ሳይሆን ይቀራል።

የርዳታውን ነገር ላሳጥረው። ዩኤስኤአይዲ ሲዘጋ ነርሱም፣ አካውንታንቱም፣ ሹፌሩም ሥራ አጥቷል። የነርስ ትምህርት ይዘጋ ያለ ሰው አልሰማሁም።

የርስቱ ነገር ግን ትክክል ነዎት፤ ሥርዓተ ትምህርታችን የራሳችንን ታሪክ በሚገባ አልያዘም። ታዲያ ያንን አጥንቶ የሚያስተምር ሰው ከየት ይምጣ? ክፍሉን ዘግተን?

ባለሙያዋ

የመሬቱን ጨዋታ ወደድኩት። ግን ወንድሜ፣ ጉዳዩን ካጠኑት መሀል የግብርና ኢኮኖሚስቶች አሉበት። ሴት የእኩል የሰጠችውን ማሳ ምርት ከሌላው ማሳ ጋር አስተያይተው ለክተዋል። ሴት በቀን ስንት ሰዓት ውሃ ቀዳች፣ ስንት ሰዓት ምጣድ ላይ ቆመች የሚለውንም በ2005 በጊዜ አጠቃቀም ጥናት የለካው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ነው። ሙያ ያለው ሰው ጥያቄውንም ይደርስበታል፣ መልሱንም ይዞ ይመጣል።

መምህሩ

ቁጥር ካነሱ እኔም አንድ ቁጥር አለኝ፤ የመጣውም ከእርስዎው ሰፈር ነው። በ2008 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሰዎች ተጠይቀው ነበር። ሚስት ምግብ ብታሳርር፣ ብትከራከር፣ ሳትናገር ከቤት ብትወጣ፣ ልጆቹን ችላ ብትል፣ አብሬህ አልተኛም ብትል ባል ቢመታት ተገቢ ነው ወይ? ከወንዶቹ ከአምስቱ ቢያንስ በአንዱ «አዎ» ያሉት 28 በመቶ ነበሩ። ከሴቶቹስ? 63 በመቶ።

ተመቺዋ ከመቺው በእጥፍ በልጣ ዱላውን ደገፈች። ቁጥሩን እናንተ አመጣችሁት፤ አመሰግናለሁ። ይህንን የሚፈታ ትምህርት ግን እኛ ክፍል ነው ያለው። ልጅቷ ከትንሽነቷ ጀምሮ «ባሌ ይቆጣል» የሚለው ወግ ሲነገራት፣ «ባልሽ ካልመታሽ ንቆሻል ማለት ነው» ስትባል ምን ተፈጠረ? ይህ በሠንጠረዥ አይወጣም።

ባለሙያዋ

እዚህ ላይ እኔም የምለው አለኝ፤ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ደጅ ለደጅ ስጠይቅ ኖሬያለሁና።

እርስዎ ቁጥሩን የልብ እምነት አድርገው ነው ያነበቡት። እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው አጠያየቁን ነው። ወንዱን ሲጠይቁት ትክክለኛው መልስ የቱ እንደሆነ ያውቃል። ቀበሌ ስብሰባ ተቀምጧል፣ የጤና ኤክስቴንሽኗን ሰምቷል፣ መምታት እንደሚያስከስስም ደርሶበታል። ከከተማ የመጣ ጠያቂ ወረቀት ዘርግቶ ሲያየው «ኧረ ተገቢ አይደለም» ይላል። ማታ የሚያደርገውን እግዜር ይወቀው። ሴቲቱ ያ ስብሰባ አልደረሳትም፤ ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ነበር። ስትጠየቅ የኖረችውን ትናገራለች። ስለዚህ ከ63ቱና ከ28ቱ ልዩነት ስንቱ እምነት፣ ስንቱ ለጠያቂ የቀረበ መልስ ነው?

ይህን ለመለየት ጥያቄውን በሌላ መልክ አዘጋጅቶ፣ ጠያቂውን ለዋውጦ፣ ናሙናውን ከፋፍሎ መፈተሽ ያስፈልጋል። የእርስዎ ተማሪ በአንድ የምርምር ዘዴ ኮርስ ይህን ይችላል? እኔ ያየኋቸው አሥራ ሁለት ሴት ቃለ መጠይቅ አድርገው ሦስት ገጽ ስለ አባታዊ ሥርዓት የሚጽፉትን ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ መደምደሚያው ገና ወደ መስክ ሳይወጡ ያለቀ ነው።

መምህሩ

አሥራ ሁለቷን ሴት አይናቁብኝ፤ በጥሞና ካዳመጧት አንዷም ብዙ ታስተምራለች። ጥርጣሬዎ ግን ጥሩ ነው፤ ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ።

አሁን እኔ ልጠይቅዎ። ይኸው ጥናት ከ2008 በፊት ሦስት ጊዜ ተካሂዷል፤ በ1992፣ በ1997 እና በ2003። በእነዚያ ዙሮች ሴቲቱ «ባል ቢመታ ተገቢ ነው ወይ?» ተብላለች። «አንቺን መቶሽ ያውቃል ወይ?» የሚለው የቤት ውስጥ ጥቃት ክፍል ግን መጀመሪያ የገባው በ2008 ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስለ ዱላ ሐሳቧን ጠይቀን፣ ዱላውን ራሱን ሳንጠይቃት ኖርን! ናሙና የሚያወጣ ባለሙያ ጠፍቶ ነው? አልጠፋም። ጥያቄው ጥያቄ መሆኑን የሚያይ ሰው ነው ያነሰን።

ከዚያም ሲገባ እንዴት እንደገባ ያውቃሉ። ከአንድ ቤት አንዲት ሴት ብቻ ትጠየቃለች። ሰው የማይሰማበት ቦታ ካልተገኘ አይጠየቅም። ባል ድንገት ብቅ ካለ ወሬው ይቀየራል። ይህን ጥንቃቄ የወለደው እርስዎ «ማዕበል» እያሉ የሚቀልዱበት የጥናት ዘርፍ ነው።

ባለሙያዋ

የዘገየ መሆኑን አልክድም። በዚያ ክፍል ላይ ስሠራ ባልየው በር ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ስለ ክትባት ስጠይቅ የዋልኩበት ቀን አለ። ጥንቃቄው ለምን እንደተጻፈ ገብቶኛል።

ነገር ግን ያ መጠይቅ ተዘጋጅቶ የመጣልን ከውጭ ነው። የእኛ ዲግሪ አልወለደውም። እናም ክርክሬን ላጥብበው። ዲግሪው ይኑር ካሉ ይኑር፤ ግን ተማሪው ሁለት ሴሚስተር ስታቲስቲክስ ይውሰድ፣ አንድ ወቅት ሙሉ ገጠር ይክረም፣ ከሕግ ወይም ከግብርና አንዱን ሁለተኛ ሙያ አድርጎ ይያዝ። ይህን ሳያደርግ ጋዋን የሚለብስ ከሆነ ይዘጋ ባይ ነኝ።

መምህሩ

ስታቲስቲክሱን ዛሬ እፈርማለሁ። ገጠር መክረሙንም፣ በጀቱን የሚሰጥ ከተገኘ። በምላሹ የእርስዎ ክፍል ተማሪዎች አንድ የሥርዓተ ፆታ ኮርስ ይውሰዱ። ግብርናውም ይውሰድ፣ ሕጉም ይውሰድ። ችግሩ፣ ያንን ሁሉ ኮርስ የሚሰጡት መምህራን የት ሊሠለጥኑ ነው?

ባለሙያዋ

ውጭ ተምረው የሚመጡ አሉ። የኡጋንዳው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ እንኳ በፈረንጆቹ 1991 የከፈተው ክፍል አለው። ሁለት ደህና መምህር ለየኮሌጁ ይበቃል፤ ለእነሱ ተብሎ ሕንፃ አይሠራም።

መምህሩ

ስለዚህ እኛ እንዝጋና ካምፓላ ያስተምርልን?

ባለሙያዋ

ካምፓላ ስታቲስቲክስ የሚያስተምር ከሆነ፣ አዎ።